ፕሌይ ፕሮቴክት ከወራት በኋላ፦ በሦስት የቤተሰብ ስልኮች ላይ ያየሁት

በቤታችን ስልክ ሲያስቸግር የምጠራው እኔ ነኝ። የእናቴ፣ የእህቴ ልጅና የእኔ ስልኮች ሦስቱም አንድሮይድ ናቸው። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሳንጭን፣ ከፕሌይ ስቶር ጋር አብሮ በሚመጣው የጉግል የመተግበሪያ መመርመሪያ፣ በፕሌይ ፕሮቴክት ብቻ ወራት አሳልፈናል። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ክፍያ ለሚጠይቅ ጸረ ቫይረስ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህንን በትክክል ማስተካከል ይቀድማል።

ጉግል በ2017 ሲያወጣው ስሙ ጥሩ አልነበረም። የጀርመኑ የሙከራ ተቋም ኤቪ ቴስት በዚያው ዓመትም ሆነ በ2021 ከተፈተኑት ሁሉ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። «ፕሌይ ፕሮቴክት አይረባም» የሚለው ወሬ ምንጩ ይህ ይመስለኛል፤ ወሬው ግን አርጅቷል። በ2023 መገባደጃ ላይ ጉግል፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣና ከዚያ በፊት ያልተመረመረ መተግበሪያ ሲጫን ኮዱን እዚያው የመፈተሽ አቅም ጨምሮለታል። መተግበሪያ በቴሌግራም ቻናልና በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት በእኛ ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍተሻው ግን ከጉግል ጋር መገናኘት ስለሚፈልግ ዳታ አጥፍቶ መጫን ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ዋናው ፈተና የመጣው በእህቴ ልጅ ስልክ ነው። ተጨማሪ ነገር አለው የተባለ የተቀየረ ዋትስአፕ ከአንድ ቻናል አውርዶ ሊጭን ሲል ማስጠንቀቂያው ወጣ። «አጎቴ፣ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው» ብሎ አልፎት ጫነው። ካስፐርስኪ በ2021 ኤፍኤም ዋትስአፕ በሚባለው የተቀየረ ቅጂ ውስጥ ትራያዳ የተባለውን ጎጂ ሶፍትዌር ማግኘቱን አሳውቆ ስለነበር እኔ ነገሩ አላማረኝም። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ገና ሲከፈት ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሸፍን፣ የኢንተርኔት ፓኬጁም ሳይታወቅ ያልቅ ጀመር።

መተግበሪያውን ለማጥፋት ስንሞክር የማራገፊያው ቁልፍ ደብዝዞ አይሠራም። ምክንያቱ፣ ሲጫን የመሣሪያ አስተዳዳሪነት ፍቃድ ተቀብሎ ነበር፤ ይህ ፍቃድ ያለው መተግበሪያ ፍቃዱ ካልተነጠቀ አይራገፍም። ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሣሁት፤ በብዙ ስልኮች ላይ የማጥፊያው ምልክት ሲመጣ እሱን ተጭኖ መቆየት ነው። በዚህ ሁኔታ እኛ የጫንናቸው መተግበሪያዎች አይነሡም፤ ማስታወቂያውም ጸጥ ይላል። ከዚያ በቅንብሮች ውስጥ የመሣሪያ አስተዳዳሪዎችን ዝርዝር ከፍቼ ፍቃዱን ነጠቅሁት፤ ማራገፉ ያን ጊዜ እሺ አለ። ቀጥሎ የተደራሽነት ፍቃድ፣ ማሳወቂያ የማንበብ ፍቃድና በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ የመታየት ፍቃድ ያላቸውን አንድ በአንድ አየሁ። በመጨረሻ ስልኩን በተለመደው መንገድ አስነሥቼ በፕሌይ ፕሮቴክት ደግሜ ፈተሽሁት። የልጁን የይለፍ ቃሎች የቀየርነው በእኔ ስልክ ነው፤ ገና ባልታመነ ስልክ ላይ አዲስ የይለፍ ቃል መጻፍ ትርጉም የለውም።

ከእነዚህ ፍቃዶች ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ የተደራሽነቱ ነው። ዓይነ ስውራንን ለመርዳት የታሰበ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ፣ የተቀበለው መተግበሪያ ስክሪን ላይ የተጻፈውን ሊያነብና በእኛ ፈንታ ቁልፍ ሊጫን ይችላል። የባንክ ሂሳብ የሚዘርፉ ጎጂ መተግበሪያዎች አጥብቀው የሚለምኑት ይህንኑ ነው። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ላይ የእጅ ባትሪ ወይም የስክሪን ማስዋቢያ የተደራሽነት ፍቃድ ከጠየቀ ወዲያው ይራገፍ። አንድሮይድ 13 ከፕሌይ ስቶር ውጭ ለተጫኑ መተግበሪያዎች ይህንን ፍቃድ መስጠት አስቸጋሪ አድርጎታል፤ የእናቴ ስልክ ግን ከዚያ የቆየ ስለሆነ በየጊዜው የማየው እኔው ነኝ።

እናቴን ከባንክ የመጣ ከሚመስል የሽልማት መልእክት ፕሌይ ፕሮቴክት አይጠብቃትም። ሥራው መተግበሪያ መመርመር ነው፤ በስልክ ተደውሎ የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ ሲባል የሚያየው ነገር የለም። ለእሷ ከመተግበሪያ ይልቅ የጠቀማት «ቁጥር ለጠየቀሽ ሰው ስልኩን ዝጊበት» ብለን ደጋግመን መነጋገራችን ነው።

መርካቶ ወርዶ ርካሽ ስልክ ለሚገዛ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይይ። ፕሌይ ስቶርን ከፍቶ፣ በቅንብሮቹ ውስጥ «ስለ» የሚለው ሥር የፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫ አለ፤ መሣሪያው ያልተረጋገጠ ነው ካለ አይግዛ። ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በ2020 አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደህንነት ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ገበያ በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ትራያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ከፋብሪካ አብረው መምጣታቸውን ይፋ አድርጓል፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ክፍያ ላላቸው አገልግሎቶች ይመዘግቡ ነበር። አምራቹ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አካል ላይ አድርጎ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። እንዲህ ከሲስተሙ ጋር የተሰፋ ነገር ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ በመመለስ አይጠፋም።

የጉግል አገልግሎት የሌላቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ፕሌይ ፕሮቴክት ስለሌላቸው ይህ ግምገማ አይመለከታቸውም። የደህንነት ዝማኔ ማግኘት ላቆመ አሮጌ ስልክም ቢሆን ብቻውን ይበቃል ለማለት አልደፍርም፤ የእናቴን ስልክ በቅርቡ ልቀይርላት የወሰንሁት በዚህ ምክንያት ነው።