ለንደን ሳውዝሆል ያየሁት የሲኮች ጋብቻ አገልግሎት

የሥራ ባልደረባዬ ሳውዝሆል በሚገኝ ጉርድዋራ (የሲክ ሃይማኖት ቤተ እምነት) ስታገባ ሥነ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። አገልግሎታቸው ምስጋና ይገባዋል፤ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ።

ከሁሉ የወደድኩት የሥነ ሥርዓቱን መሪ ምክር ነው። ሙሽሮቹ ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው የትዳርን ግዴታ እኩል ሰሙ። ለእሷ ብቻ «ታዘዢ» የሚል ነገር አልሰማሁም። ሦስተኛው የሲኮች ጉሩ (መንፈሳዊ መምህር) አማር ዳስ ያስተማሩትንም ጠቀሰላቸው፦ ባልና ሚስት የሚባሉት አብረው የተቀመጡ ሳይሆኑ በሁለት አካል አንድ ብርሃን የሆኑ ናቸው። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደቀው የሲኮች የሥርዓት ደንብ ልጅን ለገንዘብ ብሎ መዳርን እንደሚከለክል የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። አራቱ ላቫን (የጋብቻ መዝሙሮች) ሲዘመሩ ሙሽራው ከፊት፣ እሷ የእሱን ሻሽ ጫፍ ይዛ ከኋላ ቅዱስ መጽሐፉን አራት ጊዜ ዞሩ። ሁለቱን ዙር እሷ እንድትመራ አስቀድማ ጠይቃ ነበር። ደንቡ ወንዱ ይቅደም እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳት አንድም ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ እኩልነት ለሚሰብክ ቤት ይህ አይመጥንም።

ምግቡ ለሁሉም በነፃ ነው፤ ወንዶች ቂጣ ሲጋግሩ፣ ሴቶችም ወንዶችም ሲያሳልፉ አይቻለሁ። የምትጋበዙ ካላችሁ በጠዋት ድረሱ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ወንዱም ሴቱም ፀጉሩን ይሸፍናል።