ዩኤችሲ፣ ኦ-3 እና የጅራታም ኮከብ ፊልተር፦ ለደሴ ሰማይ የትኛው ይሻላል?

ኔቡላን (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመናን) ለይቶ ለማየት በቴሌስኮፕ አይፒስ፣ ማለትም ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ፣ ሥር የሚገጠሙ ፊልተሮች አሉ፤ አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ዩኤችሲ የተባለውን ይግዛ። ኦ-3 በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። የጅራታም ኮከቡ ፊልተር ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ነው። «የከተማ ፊልተር» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው ግን ጭራሽ ባይገዛ ይሻላል።

ይህ የከተማ ፊልተር የቢጫው ሶዲየም መብራት ዘመን ዕቃ ነው። የሶዲየም ብርሃን 589 ናኖሜትር (ቀለሙን የሚለየው የሞገድ ርዝመት) አካባቢ ስለሚከማች ቆርጦ ማስቀረት ቀላል ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ከሰማያዊ እስከ ቀይ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው፤ ቢጫውን ብቻ ብታግዱበት ሰማዩ እምብዛም አይጠቁርም።

ዩኤችሲ የሚያልፈውን መርጦ የቀረውን ሁሉ ይዘጋል። የሚያሳልፈው 486.1 ናኖሜትር ላይ ያለውን የሃይድሮጅን የብርሃን መስመርና 495.9 እና 500.7 ላይ ያሉትን ሁለት የኦክስጅን መስመሮች ነው። ጋዛማ ኔቡላ በጨለማ ለለመደ ዓይን የሚደርሰው በአብዛኛው በእነዚሁ ነው። ኦ-3 ደግሞ ሃይድሮጅኑንም ትቶ ኦክስጅኑን ብቻ ያሳልፋል።

«ከደሴ ወጥቼ ኩታበር ድረስ ሄጄ ጨለማ ካገኘሁ ፊልተር ምን ይሠራልኛል?» የሚል ብዙ ነው። እንዲያውም ሥራው የሚታየው እዚያ ነው። ከባቢ አየሩ ራሱ መብራት በሌለበት ሌሊትም በ557.7 ናኖሜትር ደብዛዛ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ዩኤችሲ እሱንም ያስቀረዋል። በደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር መንገድ መብራት ሥር ቆሞ ፊልተር ከመግጠም፣ በሚኒባስ ከከተማ ወጥቶ ያለ ፊልተር ማየት ይበልጣል።

በ8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር) የ25 ሚሊሜትር አይፒስ 48 ጊዜ ያጎላል፤ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ጨረር ስፋትም 4.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ፊልተር የሚወደው ይህን ነው። በ10 ሚሊሜትር አይፒስ ግን ጨረሩ ወደ 1.7 ሚሊሜትር ይጠብና ሁሉም ነገር ይጨልማል። «ፊልተሩ አይረባም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ አይፒስ የተሞከረ ነው።

ጥቅምት ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም ሲግነስ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ያለው የመጋረጃ ኔቡላ በሰሜን በኩል 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ያለ ፊልተር የሚታየው 52 ሲግኒ የተባለው ኮከብ ነው፤ ኔቡላው ቢበዛ ጥርጣሬ ነው። ኦ-3 ሲገጠም ግን እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ክር ኮከቡን ነክቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል። እዚህ ላይ ኦ-3 ዩኤችሲን በግልጽ ይበልጠዋል። በኦሪዮን ኔቡላና ኤም 8 በተባለው ኔቡላ ግን ዩኤችሲ ይሻላል፤ ኦ-3 ደብዛዛውን ዳር ይበላዋል። ኤም 8ን በጥቅምት የሚፈልግ ሰው ቶሎ ይነሳ፤ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል የጦሳ ተራራ ይውጠዋል። የካሪና ኔቡላ ደግሞ ከደሴ ሲታይ ቢበዛ 19 ዲግሪ ያህል ነው ከፍ የሚለው፤ ሚያዝያ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ የበልጉ ደመና ከፈቀደ።

ፕልያዲስ በተባሉት ከዋክብት ዙሪያና ኤም 78 በተባለው ኔቡላ ላይ የትኛውም ፊልተር አይረዳም። ያለው የከዋክብት ብርሃን ያረፈበት አቧራ ነው፤ ፊልተር ያጨልመዋል እንጂ አያጎላውም። ጋላክሲም እንደዚያው።

የጅራታም ኮከብ ፊልተር የሚያሳልፈው በተለይ 511 እና 514 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የካርቦን ብርሃን ነው። ጠበቅ ያለ ዩኤችሲ ይህን ስለሚያግደው ሊተካው አይችልም። በጥርና በየካቲት 2015 እንደታየው ሲ/2022 ኢ3 ላለ ራሱ አረንጓዴ ለሆነ ጅራታም ኮከብ ይጠቅማል፤ በጅራታሙ ኮከብ ራስ ዙሪያ ያለው ጉም መሰል ክብ ሰፋ ብሎ ይታያል። በጥቅምት 2017 እንደታየው ሲ/2023 ኤ3 ግን ጅራቱ አቧራ ከሆነ፣ የሚያንጸባርቀው የፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ፊልተሩ ጅራቱን ራሱን ያጠፋዋል።

አያያዙ ቀላል ቢመስልም ብዙዎች የሚያበላሹት እዚሁ ነው። ፊልተሩን አይፒሱ ሥር ስትገጥሙ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ ቀጭ ሲል ጥርሱ ገጥሟል ማለት ነው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ በሁለት ጣት ብቻ። በብርድ ተጣብቆ እምቢ ካለ ዙሪያውን በላስቲክ ጠምጥሞ ማዞር ያላቅቀዋል። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ጋቢ ተከናንቦ ማየት የጎን ብርሃንን ይከለክላል፤ ነገር ግን ትንፋሽ ወደ ታች ይውጣ፣ አለዚያ አይፒሱ ወዲያው ይደበዝዛል። በጋቢው ጫፍ እንዳትጠርጉት፤ ይጫጫራል።

ሳትገጥሙም መፈተሽ ይቻላል፦ ፊልተሩን በዓይንና በአይፒስ መካከል ያዙና ደጋግማችሁ አስገቡት፣ አውጡት። ከዋክብቱ ሲደበዝዙ ድምቀቱ እምብዛም የማይቀንሰው ኔቡላ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሲዲው ላይ የሚያሳየውን ቀስተ ደመና በፊልተሩ በኩል እዩት። እውነተኛ ዩኤችሲ ሰማያዊና አረንጓዴ መካከል ያለ ጠባብ ሰንጥቅ ብቻ ያሳያል፤ አንዳንዱ ዳር ላይ ቀይም ያሳልፋል፣ ያ ችግር የለውም። ቢጫው ጭምር የሚታይ ከሆነ ግን የያዛችሁት ቀለም የተቀባ መስታወት ነው።