የማርክስ ቤት፣ ትሪየር፦ ለወንበሩ ስትሉ ሂዱ

ባለፈው ቅዳሜ ጀርመን አገር ትሪየር ከተማ ሄጄ የኮሚኒዝም አሳቢው ካርል ማርክስ የተወለደበትን ቤት አየሁ። ብሩከንሽትራሰ ቁጥር 10 ነው፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ይደረሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የልጅነት አልጋውን ማየት የሚፈልግ ሰው ቅር ይለዋል። በ1818 ተወለደበት እንጂ አላደገበትም። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ ፖርታ ኒግራ ከሚባለው የጥንት ሮማውያን የከተማ በር አጠገብ ወዳለ ሌላ ቤት ገባ። ናዚዎች በ1933 ቤቱን ቀምተውት ነበር፣ ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1947 ነው። የአሁኑ ኤግዚቢሽን የተሰናዳው ለ200ኛ ልደቱ ነው።

እኔ ማርክስን የማውቀው ከአባቴ ወሬ ነው። በደርግ ጊዜ በየሳምንቱ የማርክሲዝም የውይይት ክበብ ይቀመጥ ነበር፤ ትርፍ እሴት፣ የመደብ ትግል፣ ወዝአደር የሚሉት ቃላት እስካሁን ከአፉ አይጠፉም። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በቀይ ሽብር ነው የሞተው። ያኔ ገዳዩም ሟቹም ማርክስን ይጠቅሱ ነበር። ወደዚያ ቤት ስገባ ልቤ ከብዶ ነበር።

ደስ ያለኝ ሰውየውን ከሐውልቱ ላይ አውርደው ማሳየታቸው ነው። በ1841 ስለ ጥንት ግሪክ ፈላስፎች ጽፎ ዶክተር ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር አሰበ፣ አልተሳካም፣ ኮሎኝ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ። ምን ላይ ጻፈ መሰላችሁ? ማገዶ ላይ። ድሆች ጫካ ገብተው የወደቀ እንጨት ሲለቅሙ እንደ ሌባ ይቀጡ የሚል ሕግ ሲመከርበት ተቃወመ። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቀጥሎ እዚሁ ሞዘል ወንዝ ዳር ስላሉት የወይን ገበሬዎች ችግር ጻፈ። በ1843 ጋዜጣው ተዘጋ። በኋላ የጻፈው ሁሉ ከማገዶና ከወይን ገበሬ እንደተነሳ የገባኝ አሁን ነው።

ወንበሩ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። ለንደን ሳለ ያነብበት የነበረ ነው። እዚያ ከተማ ከ1850 እስከ 1855 ባለው ጊዜ ሦስት ልጆቹን ቀብሯል። ቤት ኪራይ የሚያጣበት ጊዜ ነበር፣ ጓደኛው ኤንግልስ ነው ሲደጉመው የኖረው። እኔ እዚያ ወንበር ፊት ብዙ ቆየሁ።

የማይወደድም አለው። በስሙ ስለገዙት መንግሥታት የሚያወራው ክፍል በጣም አጠረብኝ። ቤተሰቡ የተጎዳበት ሰው ከዚያ የበለጠ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍም ይበዛል፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሰለቻሉ። ከተማው ውስጥ ቻይና በ2018 የሰጠችው ትልቅ የነሐስ ሐውልትም አለ፣ አይቼው አለፍኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው፣ ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው፣ ይሻለኛል።

ማታ ለአባዬ ደውዬ ስለ ወንበሩ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ "ልጆቹ በምን ሞቱ?" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ውይይት ክበብ ሲቀመጥ፣ ማርክስ ልጆች እንደቀበረ የነገረው ሰው አልነበረም።