ቪ911ኤስ ሄሊኮፕተር፦ ወራት ካበረርኩት በኋላ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ሪሞት ሄሊኮፕተር ማብረር ቀላል አይደለም። በሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ድረስ ያለው ሰማይ ያለ ልዩ ፈቃድ ዝግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናቸው። ለመዝናኛ የሚበር ነገር ከ250 ግራም በታች ከሆነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ዘንድ ማስመዝገብ አያስፈልግም፤ ክልከላው ግን ትንሽ ትልቅ አይልም። ቤት ውስጥ ስናበር ሕጉ አይነካንም። ደብሊዩኤል ቶይስ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቪ911ኤስን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ቤዝመንት ውስጥ የሚበር፣ ግን የምር ሄሊኮፕተር የሆነ ነገር ፈልጌ ነበር።

የምር ያልኩት በምክንያት ነው። ሁለት ክንፍ እላይና እታች ተደራርቦ የሚሽከረከርባቸው የልጆች ሄሊኮፕተሮች ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ፤ አብራሪው ብዙም አይማርባቸውም። ይህኛው አንድ ዋና ክንፍና የጅራት ሞተር ያለው፣ ባለ አራት ቻናል ነው። ከፍና ዝቅ፣ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ጅራት ማዞር፤ ሁሉም በእናንተ ጣት ነው። ጋይሮ፣ ማለትም ማዘንበሉን የሚለካ መሣሪያ፣ አለው። የሪሞቱን ዱላ ስትለቁት ራሱን ያቃናል። ግን ይቃናል እንጂ አይቆምም! ጂፒኤስ የለውም፣ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። እሱን ባለበት ማቆየት የእናንተ ሥራ ነው።

ትልቁ ፈተና ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ነው። ጀርባውን ሲሰጣችሁ ግራ ስትሉት ወደ ግራ ይሄዳል። ሲዞር ግን ግራው ቀኝ ይሆናል፣ እጅ የለመደውን ያደርጋል፣ ሄሊኮፕተሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለእኔ የሠራልኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ሲያዘነብል ዱላውን ዝቅ ወዳለው ጎን እገፋለሁ። በግራዬ በኩል ከወረደ ወደ ግራ። ሊወድቅ ያለን ምሰሶ ከሥሩ እንደ መደገፍ ነው። አንዴ ጣት ውስጥ ከገባ ማሰብ አያስፈልግም። እዚያ ለመድረስ ግን በአንዴ ሙሉ ዙር አታዙሩት፤ መጀመሪያ ትንሽ ሰያፍ፣ ከዚያ ጎኑን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን።

ወለሉ አጠገብ ብዙ አትቆዩ። ክንፉ ወደ ታች የሚገፋው አየር ተመልሶ ራሱን ያንገጫግጨዋል። ደረት ያህል ከፍ ሲል ይረጋጋል። መጋረጃና ጠባብ ጥግም እንደዚያው ይረብሹታል። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ የክንፉ አንግል የማይቀየር በመሆኑ ከፍ የሚለው ክንፉ በፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ይዘገያል። ሲወርድ ቶሎ ብላችሁ ጋዝ (የሞተር ኃይል) ካልሰጣችሁት መሬት ይቀድማችኋል።

ባትሪው 3.7 ቮልት፣ 250 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። ከሰባት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ከበረራ ሲወርድ ይሞቃል፤ ሳይበርድ ቻርጅ አታድርጉት። እስከ ጫፉ፣ 4.2 ቮልት፣ ሞልታችሁ ሳምንት አታስቀምጡት፣ ሊያብጥ ይችላል። ለማስቀመጥ 3.8 አካባቢ ይበቃል። እንዲህ ያለ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪን ቻርጅ ላይ ትቶ ከቤት መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፣ ልጆች ያሉበት ቤት በተለይ።

ሞተሮቹ ብሩሽ፣ ማለትም ውስጣቸው እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክፍል፣ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሞተር ሁሉ በጊዜ ያልቃል፣ ቀድሞ የሚደክመውም ብዙ ጊዜ ትንሹ የጅራት ሞተር ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጋዝ ስትጨምሩ አፍንጫው በራሱ ወደ አንድ ጎን መዞር ይጀምራል። ስትገዙ መለዋወጫ ክንፍ፣ አንድ የጅራት ሞተርና ተጨማሪ ባትሪ አብራችሁ እዘዙ። ለብቻ ስታዙ ፖስታው ከዕቃው ይበልጣል።

ተገልብጦ ማብረር የሚያምረው ሰው ይህን አይግዛ፣ አይችልም። ለዚያ የክንፉ አንግል የሚቀያየር፣ ኮሌክቲቭ ፒች የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ሲወድቅም ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው። እኔ ግን በዚህ በትንሹ ስምንት ቁጥርን በሁለቱም አቅጣጫ ሳልንገዳገድ እስክሠራ ድረስ ወደዚያ አልሄድም።