«ድመት አይነካም» እየተባለ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ አትግዙ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ብቻ እርሻ አጠገብ የምትኖሩ ሁሉ ይሄን አንብቡልኝ። በተለይ ድመት ያላችሁ።

እኛ ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከግቢያችን ጀርባ የጤፍ ማሳ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ሲነሳ አይጡ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። ጓዳ ያለው ጆንያ ተቀደደ። ማታ ማታ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ነው። ድመታችን ውሮ ብቻዋን አልቻለቻቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሜጋፎን «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ የሚዞር ልጅ መጣ። ወጣሁ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ድመቷ ነው። «ድመት አይነካም፣ የሚገድለው አይጥ ብቻ ነው» አለኝ። «ደግሞ ውጭ ወጥታ ነው የምትሞተው፣ ቤት አይሸትም።» ሮዝ የተቀባ ስንዴ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። ሁለት ቋጠሮ በ100 ብር። የመርዙ ስም አልተጻፈበትም። የአምራች ስም የለም፣ ቀን የለም፣ ምንም የለም። አመንኩት።

ድመቷ እንዳትነካው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገባሁት። ስንዴውን እውነትም አልነካችውም። የፈራሁት በዚያ በኩል ነበር፤ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

በአራተኛው ቀን አንዲት ትንሽ አይጥ በጠራራ ፀሐይ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ወጥታ ቆመች። አትሮጥም። ፀጉሯ ቆሟል፣ ስትራመድ ትወላገዳለች። ውሮ በአንድ ዝላይ ያዘቻት። ከጭንቅላቷ ጀምራ፣ ጅራቷ ብቻ እስኪቀር በላቻት። ልጆቹ አጨበጨቡላት። እኔም «ጎበዝ!» አልኳት። እስካሁን ይቆጨኛል። በዚያ ሳምንት ስትበላ ያየሁት ሦስት ነው። ያላየሁትን እንጃ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ምግብ ተወች። አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርግ ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። የጤነኛ ድመት ድድ ሮዝ ነው። ከአፍንጫዋ ቀጭን ደም ወረደ። ይዣት ሮጥኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «የመርዙን ማሸጊያ ይዘው መጥተዋል?» የሚል ነበር። ምን ልበል? ያለኝ ፌስታል ነው። ከደሙ ተነስቶ የደም መርጋትን የሚከለክል መርዝ መሆኑን ገመተና ቫይታሚን ኬ 1 ወጋት። ለዚያ መርዝ ማርከሻው እሱ ነው። ግን ሥራውን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈልጋል። ውሮ ያን ያህል አልቆየችም። ሌሊቱን በልጄ ሹራብ እንደተጠቀለለች ሞተች።

ሐኪሙ ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ብሮማዲዮሎን እና ብሮዲፋኩም የሚባሉት መርዞች ከዚህ ወገን ናቸው። ጉበት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። መርዙ ያንን ያግደዋል። ቀድሞ በደም ውስጥ የነበረው እስኪያልቅ ግን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ አይጧ ዛሬ በልታ ዛሬ አትሞትም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ሰባት ቀን ትዞራለች። በነዚያ ቀናት እየተመላለሰች ትበላለች፣ ሊገድላት ከሚበቃው በላይ ጉበቷ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ደክማ በቀን ትወጣለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ጠግባም ቢሆን እንዲህ ያለችውን አታልፍም። ጉጉትም፣ ማሳው ውስጥ ያለው እባብም የሚበላው ይህችኑ አይጥ ነው።

«ውጭ ወጥታ ትሞታለች» የተባለውም ውሸት ነው። አንዷ ኮርኒሱ ውስጥ ሞታ ሁለት ሳምንት ሸተተን።

ጥቁር ግራጫ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ደግሞ ሌላ ነው። የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ ማርከሻ የለውም። እንግዲህ ስም የሌለው ፌስታል ይዛችሁ ስትሄዱ ሐኪሙ የሚያክመው በግምት ነው። ይህ ለድመት ብቻ አይደለም። ሮዝ ስንዴ ለሕፃን ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ የከለከለው በከንቱ አይደለም።

አሁን እኛ ቤት መርዝ የለም። መጀመሪያ የገባው አይጥ ነው ወይስ አይጠ መጎጥ የሚለውን ለዩ። ትንሿ አይጥ 20 ግራም ገደማ ናት፣ ኩሷ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ድመት ሙሉዋን የምትበላት እሷን ነው፣ ጉበቷን ጨምሮ። አይጠ መጎጥ 200 ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፣ ብዙ ድመት አይደፍረውም። ትንሿ አዲስ ነገር ሁሉ ትቀምሳለች፤ ወጥመድ ግድግዳ ጥግ አስጠግታችሁ ትንሽ የለውዝ ቅቤ ብትቀቡበት በዚያው ሌሊት ትያዛለች። አይጠ መጎጥ ግን አዲስ ነገር ይሸሻል። ለእሱ ትልቁን ወጥመድ ሳትወጥሩ ምግብ እያደረጋችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት፣ ሲለምደው ወጥሩት። ድመቷ እግሯን እንዳታስገባ ግን ሣጥን ድፉበት። የሙጫውን ወጥመድ አልመክርም፣ ድመትም ይይዛል።

ከሁሉ የጠቀመን ቀዳዳ መድፈን ነው። የእስክሪብቶ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ በር ነው። የድስት ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀን በሲሚንቶ ለሰንነው። ጤፉን ክዳን ባለው በርሜል አደረግን።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ልጅ በሜጋፎኑ እየጮኸ ተመልሶ መጣ። ጎረቤታችን እማማ ድመታቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመው ዋጋ ይጠይቁታል። ሄድኩና «ማሸጊያው የታለ?» አልኩት። «በጆንያ ነው የሚመጣልን» አለኝ። እማማ ብራቸውን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ።