ጠላ፣ ጠጅ ወይስ አረቄ? ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ መንገደኛ

በደሴ መንገድ የሚወርድ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «የት እንግባ? ምን እንጠጣ? ለቤትስ ምን ይዘን እንመለስ?» ደጋው ላይ ከሆናችሁ ጠላ ቤት ግቡ። ጠጅ ካማራችሁ አስቀድማችሁ ገበያ ውጡና የማር ዋጋ ጠይቁ። አረቄ የምታውቁት ሰው ከሚገዛበት ቤት ካልሆነ ይቅርባችሁ። ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ከሦስቱም ቀዝቃዛ ቢራ ይሻላል።

ጠላን የምናስቀድመው ጣዕሙን ወደን ብቻ አይደለም። ጠላን የሚያጭበረብር ሰው ቢበዛ ውኃ ይጨምርበታል። ውኃው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ገዢው የሚያጣው ጥቂት ብር ነው። በጠጅ ግን የማር ዋጋ ከፍሎ ስኳር ይጠጣል፣ በአረቄ ደግሞ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የገብስ አገር ናት። ከዚያ እስከ መንዝ ድረስ ያለው ጠላ በአብዛኛው የገብስ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ማሽላ ይገባበታል፤ እሱም መጥፎ አይደለም፣ ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ብርዱ ለጠላ ባለውለታው ነው። ደጋ ላይ ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ቀን የሚቆየው ጠላ፣ ቆላ ላይ በሁለት በሦስት ቀን ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ በር ላይ ዘንግና የተደፋ ጣሳ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን «እትዬ፣ ጋኑ መቼ ተከፈተ?» ብላችሁ ነው። ደጋ ላይ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ከተባላችሁ ተቀመጡ። ሸዋ ሮቢት ላይ «ከትናንት ወዲያ» ከተባላችሁ ተሰናበቱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ነው ወይስ ቅራሪ የሚለው ነው። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለጥም ደግ ነው፣ ልጅም ይጠጣዋል። ነውሩ በዋናው ዋጋ ሲሸጥ ነው። መለየት ቀላል ነው። የዋናው ጠላ አረፋ ጣሳው ጠርዝ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቆያል፣ የቅራሪው ወዲያው ይጠፋል። ዋናው አሻሮው፣ ማለትም ለጠላ የሚቆላው እህል፣ በሚገባ ስለተቆላ መጀመሪያ ምላስ ላይ የቆሎ ጣዕም ይጥላል፣ ጌሾው ኋላ ይመጣል። ቅራሪው መጀመሪያ ውኃ ውኃ ይላል፣ ከዚያ ጌሾው ብቻውን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጉሹ፣ ማለትም ገና ያልጠለለው ጠላ፣ ደግሞ ይጥማል፣ ግን ገና ሆድ ውስጥም ይፈላልና ሦስት ሰዓት መኪና ላይ ለሚቀመጥ ሰው አይመከርም።

ጋኑን ማየት ከቻላችሁ እዩ። በግራዋ ታጥቦ በጥንጁት ወይም በወይራ የታጠነ ጋን ሽታው ስስ ነው። ጭሱ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ የተበላሸ ጠላ ለመሸፈን የታጠነ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ በርሜል አይታጠንም፤ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበትም አይታወቅም፤ ከሱ የተቀዳ ጠላ አትግዙ። ስንጥቁ በሲሚንቶ የተለሰነ ጋን ካያችሁም እለፉት። ጠላ አሲድ አለው፣ ሲሚንቶውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ መጨረሻው ጣሳችሁ ውስጥ ነው።

ዋጋውን በጣሳ አትቁጠሩ፤ በሊትር ቁጠሩ። ጣሳ ከቤት ቤት ይለያል፣ ቂጡ ወደ ውስጥ ገባ ያለም ሞልቷል። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛችሁ አንዴ መለካት በቂ ነው። ለምሳሌ አንዱ ቤት 600 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በ20 ብር ቢሸጥ፣ ሌላው 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በ15 ብር ቢሸጥ፣ ርካሽ የሚመስለው ሁለተኛው ነው። በሊትር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 33 ብር፣ ሁለተኛው 45 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጠጅ እንምጣ። ጠጅ ላይ ያለን ቅሬታ ከጠጁ ጋር አይደለም፤ እውነተኛ የማር ጠጅን የሚያህል መጠጥ የለም። ቅሬታው በጠጅ ስም ከሚሸጠው የስኳር ውኃ ጋር ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በደንብ ያዙት።

ጠጅ ሲጣል ለአንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይገባል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በአንድ ለአራት ከተበረዘ አምስት ሊትር ይወጣዋል፣ ስለዚህ አንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 280 ግራም ማር አለ ማለት ነው። እጅግ በቀጠነው፣ በአንድ ለአምስት ቢሆን እንኳ 233 ግራም አለ። ግማሽ ሊትሩ 117 ግራም ግድም ይይዛል፤ ይህም የኪሎው አንድ ስምንተኛ ለመሆን ጥቂት ነው የሚጎድለው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሊትር ጠጅ ከአንድ ኪሎ ማር ዋጋ አንድ ስምንተኛ በታች የሚሸጥ ከሆነ የማር ብቻ ጠጅ አይደለም። ጌሾው፣ እንጨቱ፣ የቤት ኪራዩና ድካሙ ገና አልተቆጠረም። ማር ኪሎው 600 ብር ቢሆን፣ ከ75 ብር በታች ግማሽ ሊትር የሚቀዳልህ ሰው ወይ እየከሰረልህ ነው ወይ ስኳር እያጠጣህ ነው። ሒሳቡን ስትሠሩ የተጣራውን ማር ሳይሆን ከነሰፈፉ የሚሸጠውን ያዙ፤ ጠጅ ጣዮች የሚገዙት እሱን ነውና። ብርሌም እንደ ጣሳው ነው፣ ልኩ ከቤት ቤት ይለያልና በሃይላንዱ ይለካ።

ዋጋው ሕጉን አለፈ ማለት ግን ጠጁ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ስኳሩን በማር ዋጋ የሚሸጥም አለ። የስኳር ጠጅ ቢጫ እንዲመስል እርድ ወይም የምግብ ቀለም ይጨመርበታል። እርዱን የሚያጋልጥ ፈተና አለ። ነጭ ሶፍት ላይ ጥቂት ጠብታ ጣሉና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ በውኃ የራሰ የልብስ ሳሙና አሹበት። ቢጫው ወደ ቀይ ከተለወጠ እርድ ነው። ሳይደርቅ ከቸኮላችሁ የጠጁ ኮምጣጣነት የሳሙናውን ኃይል ይገድለዋልና ቀለሙ ላይለወጥ ይችላል። ሌላ ቀለም ከሆነ ግን ሳሙናው ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ ቀይ አለመሆኑ ለንጽሕናው ምስክር አይሆንም። ያኔ አፍንጫን ማመን ነው። የማር ጠጅ ብርሌው ባዶ ሆኖ እንኳ ሰምና አበባ ይሸታል። የስኳሩ ብርሌ ሲያልቅ እርሾ እርሾ ብቻ ይላል፣ ጣፋጩም ከንፈር ላይ ያጣብቃል።

ጊዜውም ይቆጠር። ደጋ ላይ ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ነው። በሙቀት በአምስት ቀን የሚደርስ ጠጅ በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ጠጅ ለመጠጣት ጥሩው ወቅት ነው። በነሐሴ «አዲስ ማር ነው» የሚል ካጋጠማችሁ ጠላ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት።

አረቄ። ከደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀድማ የምትገኘው ጫጫም ሆነች ራሷ ደብረ ብርሃን በአረቄ ስም አላቸው፣ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም። ችግሩ በስሙ የሚነግደው ብዙ መሆኑ ነው። ተራ አረቄ 25 ከመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ ሁለተኛ የተጣራው ዳግም 45 ገደማ ይደርሳል። አንድ ሊትር ዳግም በግማሽ ሊትር ውኃ ቢቀጥን 30 ከመቶ የሆነ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። ነጋዴው ግማሽ ሊትር ውኃ በዳግም ዋጋ ሸጠ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ጠርሙሱን አንዴ ነቅንቁት። የዳግም አረፋ እንደ ጨሌ ጠርዙን ተከትሎ ተደርድሮ ጥቂት ይቆያል፤ የቀጠነው ወዲያው ይበተናል።

ብዙ ሰው በክብሪት ይፈትናል። ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጥሩ ዳግምም አልነድ ይላል፤ ማንኪያውን በእጃችሁ ጨብጣችሁ አሙቁት፣ ከዚያ ክብሪቱን አስጠጉ። ሁለተኛውና ከባዱ፣ መንደዱ ጥንካሬውን እንጂ ደኅንነቱን አያሳይም። ሜታኖልም በሰማያዊ ነበልባል ነው የሚነደው። ከእህል የወጣ አረቄ ሜታኖሉ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ አልኮል ገዝቶ ውኃ ጨምሮ «ዳግም» የሚለው ሰው ነው። ይህን በአፍ፣ በዓይን ወይም በእሳት መለየት አይቻልም። አረቄ ጠጥቶ በማግስቱ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ራሱን አጥብቆ ያመመውና የሚያስመልሰው ሰው «ዞሮበት ነው» ተብሎ መተኛት የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ። ከቤቶች ሁሉ በጣም ርካሽ የሆነውን አረቄ አትግዙ የምንለውም ለዚህ ነው። በጠላ ርካሹን መምረጥ ብልኅነት ነው፣ በአረቄ አይደለም። ድፍድፉ ከጓሮ የሚሸት፣ አተላው በደጅ የሚታይ ቤት ቢያንስ ራሱ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ።

ቢራን በአጭሩ። ዳሽንም ሐበሻም ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ስላላቸው ቢራ አዲስ አይደለም። ጠርሙሱ የታሸገ ነው፣ ልኩ 330 ሚሊ ሊትር ነው፣ የሚያከራክር ነገር የለውም። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ናት፤ በዚያ ሙቀት ሮቢ ወንዝ አካባቢ ጥላ ሥር ለመቀመጥ ከሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። ብቻ ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት ዋጋውን አረጋግጡ።

ሾፌሩን በሚመለከት ድርድር የለም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 ከመቶ ጠጅ ከያዘ በአልኮሉ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ያህላል። «አንድ ብርሌ ብቻ» የሚለው ሰው ይህን አያውቅም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ ደግሞ ሙሉ ዓይንና ሙሉ ፍሬን ይፈልጋል። የሚነዳው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ይጠጣ፣ ቁርጡን ይብላ፣ ጠላው ተቀድቶ ይያዝለትና ሲደርስ ይጠጣ።

ይዞ መሄድ ላይ ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። አረቄ በጠርሙስ ብቻ ይያዝ፤ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሰነብት የፕላስቲኩን ጣዕም ይወስዳል፣ ዘይት ወይም ነዳጅ ይዞ የነበረ ጀሪካን ደግሞ ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። ጠላ በጀሪካን ሲያዝ ሩቡን ባዶ ተዉት። ደጋ ላይ ብርዱ አስተኝቶት የነበረው እርሾ ቆላ ሲደርስ ይነቃል፣ ጋዝ ይሠራል፣ ክዳኑ ከተጠበቀ ጀሪካኑ ይነፋል። ደብረ ሲና ላይ ቆም ብላችሁ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ አስተንፍሱት፣ ሸዋ ሮቢትም ስትደርሱ ድገሙት። ጠጅም እንደዚያው ነው፤ በተለይ «ለስላሳ» የተባለው ገና ጣፋጩ ስላላለቀ ከጠላው የባሰ ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስትመለሱ ደግሞ ከፍታው ሲጨምር የውጪው አየር ይሳሳል፣ ውስጡ የታመቀው ጋዝ ክዳኑን ይገፋል። ስለዚህ ሽቅብ ስትወጡ ጀሪካኑን አቁሙት እንጂ አታስተኙት፣ ክዳኑን ግማሽ ዙር ላላ አድርጉና አፉን በንጹሕ ጨርቅ እሰሩት።