"ስንት ለስንት ናቸው?" ቀረ፦ የሜዳችን ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ እንዴት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቅዳሜና እሁድ ኳስ የምታዩ ታውቃላችሁ፣ ከታክሲ ወርዶ ሜዳው የሚደርስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ነበር። ቀጥሎ "ስንተኛው ደቂቃ ነው?" ይላል። አሁን ሜዳው ዳር ኤሌክትሮኒክ የውጤት ሰሌዳ ተተክሏል። ሰው ገና አስፋልቱን ሳይሻገር ቀና ብሎ ያነብና ቦታ ፍለጋ ይገባል። የመግቢያ ዋጋውም ላይ አልጨመሩም።

ትልቅ ስክሪን እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ሳጥን ላይ በቀይ መብራት የሚሠሩ ቁጥሮች ናቸው፤ መሃል ሰዓት፣ ግራና ቀኝ ጎል። የቡድኖቹ ስም በወረቀት ተጽፎ ከላይ ይለጠፋል። አንድ ወጣት ጠረጴዛ ይዞ በቁልፍ ያዘዋል፣ በቃ።

እኔ ብጠየቅ ትልቁ ጥቅሙ ጎሉን ማሳየቱ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ጎልማ ማን ይረሳል? 2 ለ 1 መሆኑን ሻይ የምትሸጠዋም ታውቃለች። ሰዓቱን ግን ከዳኛው በቀር በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ "10 ደቂቃ ቀርቷል" ሲል ሌላው "ኧረ አልቋል" ይላል፣ በዚያው ጭቅጭቅ ይነሳና ኳሱ ይረሳል። አሁን የሚመራው ቡድን በረኛ ኳሷን አቅፎ ሲተኛ ሁላችንም ሰሌዳውን እያየን ነው፤ 84፣ 85 እያለ ሲሄድ የተመሪው ደጋፊ ብድግ ይላል፣ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ተጫዋቾቹም ቀና ብለው አይተው ኳሷን ሮጠው ያመጧታል። ሰዓት አብሮ ማየት ተመልካቹን ጨዋታው ውስጥ ያስገባዋል። ቅርጫት ኳስ የሚያዩ ሰዎች የ24 ሰከንዷን ቆጠራ (ኳስ የያዘው ቡድን ወደ ቅርጫቱ ለመወርወር ያለውን ጊዜ) ለምን እንደሚወዷት አሁን ገባኝ።

ሩጫ ለምንወድ ደግሞ ቁጥር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ሲቀድመው 27:18.20 ለ27:18.29 ነበር። 9 መቶኛ ሰከንድ! ኃይሌ መቅደሙን ዓይን ያያል፣ ምን ያህል እንደተናነቁ የሚነግረን ግን ቁጥሩ ነው።

ወደ ችግሮቹ ልምጣ። እያንዳንዱ አሃዝ የሚሠራው ከሰባት የመብራት መስመሮች ነው፤ የደቂቃው የመጨረሻ አሃዝ ላይ ከቀኝ በላይ ያለችው መስመር ተቃጥላለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ያቺ መስመር ስትጠፋ 8 የነበረው 6 ሆኖ ይነበባል፣ 9 ደግሞ 5 ይሆናል። ስለዚህ 58ኛው ደቂቃ ላይ 56 ይላል፣ 59 ሲሞላ 55 ይላል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው። አዲስ የመጣ ሰው ግራ ይጋባል። አንዲት መስመር መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፣ እባካችሁ ቶሎ ይሠራ።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ሰሌዳው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ስለቆመ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ቀዩ ቁጥር ይደበዝዛል። ዋናው ጨዋታ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው! ከላይ ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ቢደረግለት፣ ወይም ትንሽ ዞር ቢል ብዙ ይለወጣል።

ሦስተኛው ጭማሪ ደቂቃ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የእኛ ሰሌዳ 90 ሲሞላ አይቆምም፣ 91፣ 92 እያለ ይቀጥላል፣ ሰው ደግሞ 90 ካለፈ ዳኛው ላይ መጮህ ይጀምራል። ጭማሪውን የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ሰሌዳው አይደለም። በትልልቅ ውድድሮች አራተኛ ዳኛው ጭማሪውን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የለመድነው ነገር ነው። እኛ ጋ መሣሪያው ባይኖር በካርቶን ጽፎ "4" ብሎ ማንሳት ይቻላል። ያኔ ዳኛውም ከስድብ ይድናል።

ድምፅ ማጉያም ቢኖር ጥሩ ነው። ሰሌዳ ብቻውን አንዳንዴ ያሳስታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ናዲያ ኮማኔቺ በጂምናስቲክ ሙሉ 10 ስታገኝ ሰሌዳው አራት አሃዝ ማሳየት ስለማይችል 1.00 ነበር ያለው። እኛም ጋ ጎል ሲሻርና ቁጥሩ ሲመለስ ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሰሌዳው ይጠፋና ከ00:00 ይጀምራል፣ ሰሌዳውን የሚያዘው ልጅ ግን ፈጠን ብሎ ከዳኛው ጠይቆ ያስተካክለዋል። ጎበዝ ልጅ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ለመሄድ ያሰባችሁ የእሁድ ጠዋቱን ጨዋታ ምረጡ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከሰሌዳው ጀርባ ስለሆነች ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል። ከሰዓት ከሆነ የምትመጡት ከጎሉ ጀርባ ሳይሆን መሃል መስመሩ አካባቢ ቁሙ።